አሐዱ ያልተጻፈለት ቁጥር መንኮራኩር ያሳጣበት ታሪክ

ገበያ ወጥቶ እህል የሚሸምት ሰው “ዋጋው በቁና ይህን ያህል ነው” ሲባል “በየትኛው ቁና?” ብሎ ይጠይቃል። ቁና ከአንዱ አካባቢ ወደ ሌላው ሲሄዱ እንደሚለያይ ያውቃልና። መሬት በጥማድ ሲለካም እንዲሁ ነው። ቁጥር የሚታመነው መለኪያው አብሮት ሲነገር ብቻ ነው። ኮምፒውተር ግን የተሰጠውን ቁጥር ተቀብሎ ያሰላል እንጂ “በየትኛው መለኪያ?” ብሎ አይጠይቅም። ጥያቄውን አስቀድሞ መጠየቅና መልሱን በፕሮግራሙ ውስጥ ማስፈር የባለሙያው ድርሻ ነው። ይህ ጥያቄ በመዘለሉ ምን እንደሚከተል ከሚያሳዩ ታሪኮች መካከል አንዱ የአሜሪካው የሕዋ ምርምር ተቋም ናሳ ወደ ማርስ የላካት መንኮራኩር ዕጣ ነው።

መንኮራኩሯ የማርስን የአየር ንብረት እንድታጠና ታኅሣሥ 2 ቀን 1991 ዓ.ም (እ.ኤ.አ ታኅሣሥ 11 ቀን 1998) ከፍሎሪዳ ተወነጨፈች። 125 ሚሊዮን ዶላር ወጪ እንደተደረገባት ተነግሯል። የሠራት በኮሎራዶ ግዛት ዴንቨር የሚገኘው የሎክሂድ ማርቲን ኩባንያ ክፍል ሲሆን፣ ጉዞዋን የሚመሩት ደግሞ በካሊፎርኒያ ፓሳዲና የሚገኙ የናሳ ቤተ ሙከራ ባለሙያዎች ነበሩ።

መንኮራኩሯ ሚዛኗን የምትጠብቀው በውስጧ በሚሽከረከሩ ጎማዎች ነው። የፀሐይ ኃይል የሚሰበስበው ሰሌዳዋ በአንድ ጎኗ ብቻ የተዘረጋ በመሆኑ፣ የፀሐይ ብርሃን የሚያሳድርባት እጅግ ጥቂት ግፊት ቀስ በቀስ ያዞራት ነበር። ጎማዎቹ ይህን ለመመከት ፍጥነታቸው ሲጨምር፣ ትንንሽ ሞተሮች ለአጭር ጊዜ እየተነሡ ያረጋጓቸዋል። ይህ የሆነው አስቀድሞ ከተገመተው ከ10 እስከ 14 እጥፍ በበለጠ ድግግሞሽ ነበር። ሞተሮቹ በተነሡ ቁጥር መንኮራኩሯ ከመንገዷ በጥቂቱ ትገፋለች። ስለዚህ እያንዳንዱ ግፊት በምድር ላይ ባለ ሶፍትዌር እየተሰላ ለመንገድ መሪዎቹ ይላካል።

ስህተቱ የተፈጠረው እዚህ ላይ ነው። ከዴንቨር የሚመጣው ስሌት ግፊቱን የሚገልጸው በእንግሊዞቹ መለኪያ በፓውንድ ነበር። የፓሳዲናው ሶፍትዌር ደግሞ በስምምነቱ ሰነድ ላይ በሰፈረው መሠረት ቁጥሩን በኒውተን እንደተገለጸ አድርጎ ተቀበለው። አንድ ፓውንድ ግፊት 4.45 ኒውተን ገደማ ነው። በመሆኑም እያንዳንዱ ግፊት ከእውነተኛው መጠኑ ከአራት እጥፍ በላይ አንሶ ተመዘገበ። የአንዱ ጊዜ ጉድለት ከቁጥር የማይገባ ነበር፤ ለወራት ሲጠራቀም ግን መንገድ አሳተ።

በዕቅዱ መሠረት መንኮራኩሯ ማርስን መዞር ስትጀምር ከፕላኔቷ ገጽ 226 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ማለፍ ነበረባት። በመጨረሻው ሳምንት የተሠራው ስሌት ከ150 እስከ 170 ኪሎ ሜትር አመለከተ። ሊደርሱ አንድ ቀን ገደማ ሲቀረው ደግሞ ግምቱ ወደ 110 ኪሎ ሜትር ወረደ። ጉዳት ሳይደርስባት ልታልፍ የምትችለው ዝቅተኛው ከፍታ 80 ኪሎ ሜትር ነበር። ኋላ ተመርምሮ እንደተደረሰበት በትክክል የገባችው በ57 ኪሎ ሜትር ከፍታ ነው።

መስከረም 12 ቀን 1992 ዓ.ም በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር ከቀኑ 6 ሰዓት ገደማ መንኮራኩሯ ዋና ሞተሯን አስነሣች። ከማርስ ጀርባ ስትገባ ድምፅዋ እንደሚጠፋ የታወቀ ነበር፤ ነገር ግን ከተጠበቀው 49 ሰከንድ ቀድሞ ጠፋ። ዳግመኛም አልተሰማም። ለ286 ቀናት የተጓዘችው መንኮራኩር በማርስ አየር ውስጥ እንደጠፋች ይታመናል።

ጉዳዩን ያጣራው ቡድን በዚያው ዓመት ጥቅምት መጨረሻ ላይ ያወጣው ሪፖርት ዋናው መንሥኤ የመለኪያ ልዩነቱ መሆኑን ገልጿል። ትልቁ ትምህርት ግን ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። መንገድ መሪዎቹ ቁጥሮቹ እንደማይጣጣሙ አስቀድመው አስተውለው ነበር። ጥርጣሬያቸውን የተለዋወጡት ግን በኢሜይል እንጂ ችግር እስኪፈታ ድረስ በሚከታተለው መደበኛ የመዝገብ ሥርዓት አልነበረም። የሁለቱ ወገኖች ሶፍትዌሮችም ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድነት አልተፈተሹም።

ዛሬ ጥንቁቅ ፕሮግራም ሠሪዎች ቁጥርን ከነመለኪያው ይጽፋሉ። መልሱ አስቀድሞ በእጅ የተሰላ ቁጥር ከአንደኛው ወገን አስገብተው በሌላኛው ወገን ያው መልስ መውጣቱን ያረጋግጣሉ። ኤፍ ሻርፕን የመሳሰሉ የፕሮግራም ቋንቋዎች ደግሞ መለኪያን ከቁጥሩ ጋር ስለሚይዙ፣ ሜትርን ከኪሎ ግራም ጋር ለመደመር የሚሞክር ፕሮግራም ገና ሥራ ሳይጀምር ስህተት መሆኑን ይናገራሉ።

ጉዳዩ የሕዋ ተመራማሪዎች ብቻ አይደለም። በሀገራችን “3/4/2017” ተብሎ የተመዘገበ ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ታኅሣሥ 3 ነው፤ በአውሮፓውያኑ ከተነበበ ግን ሚያዝያ ወራቸው ሲሆን፣ በሁለቱ መካከል ከ7 ዓመት ከ8 ወር በላይ ልዩነት አለ። “2 ሰዓት” የሚለውም በአንዱ አቆጣጠር ጠዋት፣ በሌላው ሌሊት ሊሆን ይችላል። የብድር መክፈያ፣ የክትባት ቀጠሮ ወይም የልደት ቀን በኮምፒውተር ሲመዘገብ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አብሮ ካልተጻፈ፣ ማሽኑ ያለ ጥርጣሬ የተሳሳተ መልስ ይሰጣል። ስለዚህ ፕሮግራሙን የሚሠራው ባለሙያም ሆነ ቀጠሮውን የሚቀበለው ተገልጋይ የገበያውን ሰው ጥያቄ ሊዘነጋው አይገባም፦ “በየትኛው መለኪያ?”