ዕድሌ ስንት ነው? ስለ ምደባና ስለ ዝውውር

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ሰሞን ግቢ ውስጥ ያለ ተማሪ ሁሉ አማካሪ ይሆናል። እኔንም የሰፈሬ ልጆች «ዕድሌ ስንት ነው? ሩቅ ከደረሰኝስ ወደ እናንተ ግቢ እቀይራለሁ?» ይሉኛል። ጥያቄው አንድ ይመስላል እንጂ ሦስት ነው።

የመጀመሪያው ማለፍ ነው። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ማምጣት ግድ ሆኗል። በዚያ ዓመት ያለፉት 3.3 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ ናቸው። ከ50 በታች ካመጡት ውስጥ በየዓመቱ በሚወጣው መቁረጫ ነጥብ የተመረጡት የአቅም ማሻሻያ፣ ማለትም ሪሚዲያል ይገባሉ።

ሁለተኛው ምደባ ነው። ማለፍ ማለት የመረጡት ቦታ መድረስ ማለት አይደለም። ምደባው ውድድር ነው፤ ያንን ግቢ ከመረጡት ሌሎች ልጆች ውጤት ጋር ነው የምትነጻጸረው። ስለዚህ «በዚህ ነጥብ እዚያ ትገባለህ» ብሎ በእርግጠኝነት የሚናገር ሰው እየገመተ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ስለሚሰጥ እሱን የሚፈልግ ለብቻው መዘጋጀት አለበት።

ሦስተኛው ዝውውር ነው። ይህም ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ምደባው እንደወጣ ለትምህርት ሚኒስቴር የሚቀርበው አቤቱታ ነው። እዚህ ላይ ክብደት ያላቸው ከባድ የጤና ችግር፣ የሚያጠባ ልጅ ያላት እናት፣ መንትያ መሆንና የመሳሰሉት በማስረጃ የተደገፉ ምክንያቶች ናቸው። «አየሩ አልተስማማኝም» ወይም «ጓደኞቼ እዚያ ናቸው» ብሎ ማመልከት ቀለም ማባከን ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ከጀመሩ በኋላ የሚጠየቀው ነው። እዚህ ወሳኙ ተቀባዩ ግቢ ነው። ሬጅስትራሩ ቦታ መኖሩን፣ ጂፒኤህን፣ የወሰድካቸው ኮርሶች ከእነሱ ጋር መመሳሰላቸውን ያያል። የፍሬሽማን ኮርሶች ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በየዩኒቨርሲቲው ተቀራራቢ ስለሆኑ አንደኛ ዓመት የጨረሰ ሰው ብዙም አይቸገርም። ሦስተኛ ዓመት ደርሶ የሚጠይቅ ግን ያለፈውን ኮርስ እንደገና ሊወስድ ይችላል። ምግብና መኝታም አብረው ይታሰባሉ፤ ወንበር ተገኝቶ አልጋ የሚጠፋበት ጊዜ አለ።

አሁን ዋናው ነገር። የማውቃት አንዲት ልጅ እናቷ ታመውባት ወደ ቤቷ መቅረብ ፈለገች። ምክንያቷ እውነት፣ የሐኪም ወረቀቷም ሙሉ ነበር። ግን ሂደቱ ሲረዝምባት «እኔ እጨርስልሻለሁ» ላላት ደላላ ገንዘብ ሰጠች። ማህተም ያለው ደብዳቤ አመጣላት። እሷም ዊዝድሮዋል ሳትሞላ ግቢዋን ለቃ ሄደች። ተቀባዩ ጋ ስትደርስ ደብዳቤውን የሚያውቀው የለም። ስትመለስም የምዝገባ ጊዜ አልፎ ነበር። ዓመቱ ተቃጠለ፤ እናቷ ጋ ሆና ማስታመሙን ግን እንደፈለገችው አገኘችው፤ ያውም ያለ ትምህርት።

እንግዲህ ለሚጠይቁኝ የምለው ይሄን ነው። ምክንያትህ እውነተኛ ከሆነ ማስረጃህን ይዘህ በቀነ ገደቡ አመልክት፤ የተቀባዩን መልስ በጽሑፍ ሳትይዝ ግን ከተመዘገብክበት አትንቀሳቀስ። መቆየት ግድ ከሆነብህም ፎርሙን ሞልተህ በሕጋዊ መንገድ አቋርጥ፤ ያኔ መመለሻ በር አይዘጋብህም።