ካርድ የማይጠብቀው በር

ልጆችዎን ይዘው ለዕረፍት ባሕር ዳር ሲገቡ ሪሴፕሽን ላይ የሚሰጥዎት እንደ ቀድሞው ከባድ ማንጠልጠያ ያለው የብረት ቁልፍ ላይሆን ይችላል። በሐይቁ ዳር ባሉ ሪዞርቶችም ሆነ በመሐል ከተማ ሆቴሎች የፕላስቲክ ካርድ እየተለመደ መጥቷል። ካርዱ ምቹ ነው። የትኛውን በር እንደሚጠብቅልዎትና የትኛውን እንደማይጠብቅ ግን ከመተኛትዎ በፊት ይወቁ።

ሐሳቡ ቆየት ያለ ነው። ኖርዌያዊው ቶር ሶርነስ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ በተበሳ የፕላስቲክ ካርድ የሚከፈት መቆለፊያ ሠራ። ዓላማው ቀላል ነበር፦ ትናንት በክፍሉ ያደረ ሰው ቁልፍ ዛሬ እንዳይሠራ።

የዛሬው መቆለፊያ በባትሪ ይሠራል፤ ካርዱ ላይ የተጻፈለትን ያነባል። ስለዚህ መብራት ቢጠፋም፣ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ይከፍታል። ሂልተንን የመሳሰሉ ዓለም አቀፍ ሆቴሎች በሩን በእንግዳው ስልክ ማስከፈት ጀምረዋል፤ ስልኩ ግን ቁልፉን የሚቀበለው በኢንተርኔት ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት የተቋረጠው የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሳይመለስ መቆየቱን ላየ ሰው፣ ካርዱ ለጊዜው ይበልጥ የሚታመን ነው።

ይህ ጥቅም የራሱ ጣጣ አለው። በብዙ ሆቴሎች መቆለፊያው ከሪሴፕሽኑ ኮምፒውተር ጋር አይገናኝም። ልጅዎ ካርዱን ቢጥል ሠራተኛዋ ከጠረጴዛዋ ሆና ልትሰርዘው አትችልም። የጠፋው ካርድ የሚሞተው አዲሱ ካርድ በሩን ሲከፍት ነው። ስለዚህ «ቅጂ ሳይሆን አዲስ ቁልፍ ይሠራልኝ» ይበሉ፤ ወዲያው ሄደውም በሩን ይክፈቱበት። የክፍል ቁጥርዎን በሰው ፊት ጮክ ብለው እንዳይጠሩብዎትም ያሳስቡ።

ግድግዳው ላይ ካለው ማስገቢያ ካርዱን ነቅለው ሲወጡ መብራቱ ይጠፋል። የሕፃን ወተት ወይም ቅዝቃዜ የሚፈልግ መድኃኒት ከያዙ ፍሪጁም አብሮ ይጠፋ እንደሆነ ይጠይቁ።

ካርድም ይታለላል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ተመራማሪዎች ሳፍሎክ የተባለው መቆለፊያ በተጭበረበረ ካርድ ሊከፈት እንደሚችል ይፋ አድርገዋል። መቆለፊያው በ131 አገሮች ከ3 ሚሊዮን በላይ በሮች ላይ የተገጠመ ነው። ማታ ማታ የበሩን ሰንሰለት ማስገባት የማይቀር ልማድ ይሁንልዎት።

ጣና ዳር ለሚያርፍ ወላጅ ግን ትልቁ ጉዳይ ሌባ አይደለም። የካርድ በር ከውጭ ቢቆለፍም ከውስጥ እጀታውን ዝቅ ሲያደርጉት ይከፈታል፤ ይህም እሳት ቢነሳ ማንም ታግቶ እንዳይቀር ነው። እጀታው ላይ የሚደርስ የአራት ዓመት ልጅም ያው ይከፍተዋል። ወደ በረንዳና ወደ ግቢው የሚያወጣው የመስታወት በር ደግሞ ብዙውን ጊዜ በተራ መቀርቀሪያ ነው የሚዘጋው። ከዚያ ወዲያ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋው ሐይቅ አለ። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬም ይኖራል።

እንግዲህ ክፍሉን ሲረከቡ ሻንጣ ከመፍታትዎ በፊት ያንን በር ይዩት። መቀርቀሪያው ልጅ የማይደርስበት ከፍታ ላይ ነው? ግቢው ከውሃው በአጥር ተለይቷል? ሌሊት በሐይቁ በኩል የሚዞር ጥበቃ አለ? መልሱ ካላረካዎት ከሐይቁ ራቅ ያለ ወይም ፎቅ ላይ ያለ ክፍል ይጠይቁ። ፎቅ ከመረጡም የበረንዳውን አጥር ከፍታ አይርሱ።

በአገራችን የመሸበት መንገደኛ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ሲል ባለቤቱ ማደሪያ ሰጥቶ ብቻ አይተወውም ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ ኃላፊነቱ የእርሱ ነው። ካርዱ የሪሴፕሽን ሠራተኛዋን ቁልፍ ከመቁጠር አሳርፏታል። ጥሩ ሆቴል ማለት ያንን ትርፍ ጊዜ ለእንግዳው የሚያውል፣ ልጆች እንዳሉዎት አይቶ ስለ ሐይቁ በኩል በር ሳይጠየቅ የሚነግርዎት ነው።