ለመኖሪያ ቤት የፀሐይ ኤሌክትሪክ የሚተክለውን ባለሙያ ስለ መምረጥ

በዚህ ዘመን ከፀሐይ ብርሃን ኤሌክትሪክ የሚያወጣው ሰሌዳ፥ ሕዝቡ በአጭሩ ሶላር የሚለው፥ በአዲስ አበባም ሆነ በየወረዳው በቤት ጣራ ላይ እየበዛ መሄዱ የታወቀ ነው። ዳሩ ግን ዕቃውን የሚሸጠው ሰው ብዙ ሲሆን አስተካክሎ የሚተክለው ጥቂት ስለ ሆነ፥ ገንዘቡን ከፍሎ ሁለት ክረምት ሳያልፍ ተመልሶ በጨለማ የሚቀመጥ ባለ ቤት አይታጣም። እንዲህ ያለው ሰው አቤቱታውን ይዞ የሚመጣው ወደ ወረዳው አስተዳዳሪ ነው። አስተዳዳሪውም ራሱ ለጤና ኬላ፥ ለትምህርት ቤት ወይም ለገበሬዎች ማሠልጠኛ ሶላር የማስተከል ኀላፊነት ያገኘዋል፤ ቤት የሚያከራየውም ባለ ንብረት እንዲሁ በተከራዮቹ ይጠየቃል። ስለዚህ ዕቃውን የሚተክለው ሰው በምን በምን ምልክት እንደሚታወቅ በዚህ ጽሑፍ ለመግለጽ አስበናል።

ምሳሌውን ከአዲስ አበባ ከልደታ ክፍለ ከተማ ወስደነዋል። ምክንያቱም በልደታ ከጭቃና ከባሕር ዛፍ የተሠራው ባለ ቆርቆሮ አሮጌ ቤት፥ ኮንዶሚኒየም የሚባለው የጋራ መኖሪያ ሕንፃና አዲሱ ረዥም ፎቅ ጎን ለጎን ቆመው ይታያሉና፥ በዚያ የሚያጋጥመው ነገር በደሴም በጎንደርም በደብረ ብርሃንም ሳያጋጥም አይቀርም።

ሕዝቡ ይህን ባለሙያ ገጣሚ ይለዋል። ቃሉን ስንኝ ለሚደረድረው ሰው ብቻ እናውቀው ለነበርነው ለጊዜው ያስገርመናል፤ ነገር ግን ቤት ያልመታ ግጥም ጆሮ ቢያስቀይም እንጂ ንብረት አያጠፋም፥ በክፉ የተገጠመ ሽቦ ግን ቤት ያቃጥላል።

መልካሙ ገጣሚ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታወቀው በሚጠይቀው ጥያቄ ነው። ስለ ዋጋ ከመናገሩ በፊት ቤቱ ድረስ መጥቶ፥ በቤቱ ውስጥ ምን ምን መሣሪያ እንዳለ፥ እያንዳንዱም ስንት ዋት እንደሚፈጅና በቀን ስንት ሰዓት እንደሚሠራ ቈጥሮ በወረቀት ይጽፋል። በስልክ ብቻ «ለሦስት ክፍል ቤት ይህን ያህል ብር» ብሎ የሚቈርጥ ሰው የሚሸጠውን ዕቃ ያውቅ ይሆናል እንጂ የሚሸጥለትን ቤት አያውቅም። ደግሞም የልደታ ቤት የመንግሥት መስመር ያለው ስለ ሆነ፥ የባለ ቤቱ ችግር መብራት አልፎ አልፎ መጥፋቱ ብቻ ከሆነ፥ ከመስመሩ የሚሞላ ባትሪና ኢንቨርተር ሊበቃው ይችላል፤ ሰሌዳ መግዛትም ላያስፈልገው ነው። ይህን ሳይደብቅ የሚናገር ገጣሚ ቢገኝ፥ ከሌላው ይልቅ እርሱን መያዝ ይበጃል።

ሒሳቡ እንዴት እንደሆነ ለማሳየት አንድ የልደታ ቤት እናስብ። ስድስት አምፖሎች እያንዳንዳቸው 8 ዋት ሆነው 5 ሰዓት ቢበሩ 240 ዋት ሰዓት ይፈጃሉ። ባለ 80 ዋት ቴሌቪዥን 4 ሰዓት ቢሠራ 320 ይሆናል። ለስልክና ለኢንተርኔት መሣሪያ 140፥ ለትንሽ ማቀዝቀዣ 700 ብንጨምር፥ ድምሩ በቀን 1,400 ዋት ሰዓት ነው። በሽቦ፥ በባትሪና በኢንቨርተር ውስጥ ከሚሰበሰበው ኀይል ከመቶ 30 ያህሉ ስለሚባክን፥ ሰሌዳው በቀን ወደ 2,000 ዋት ሰዓት ሊሰበስብ ይገባዋል።

እዚህ ላይ የአገራችን ክረምት ይመጣል። በበጋ በአዲስ አበባ አንድ ካሬ ሜትር ቦታ በቀን ከ5 እስከ 6 ኪሎዋት ሰዓት የሚሆን ብርሃን ይቀበላል፤ ይህም ሙሉ ፀሐይ ከ5 እስከ 6 ሰዓት እንደበራ ይቈጠራል። በሐምሌና በነሐሴ ግን ደመናው ስለሚጫን ወደ 4 ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ ያ ቤት በበጋው ቢለካ 360 ዋት ያህል ሰሌዳ የሚበቃው ሲመስል፥ በክረምቱ ቢለካ 500 ዋት ያስፈልገዋል። በጥር ወር መጥቶ የበጋውን ፀሐይ ብቻ አስልቶ ርካሽ ዋጋ የሚያቀርብ ገጣሚ በሐምሌ ወቀሳ ያመጣል፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ነው። ባለ ቤቱ ስለዚህ «ሒሳቡን የሠራኸው በየትኛው ወር ፀሐይ ነው?» ብሎ ይጠይቅ። መልስ የሌለው ሰው አልሰላም ማለት ነው።

ስለ እንጀራ ምጣድም አለመጠየቅ ትልቅ ጕድለት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,000 እስከ 4,000 ዋት ስለሚስብ፥ ሁለት ሰዓት ቢጋገርበት ከላይ የቈጠርነውን ቤት ከሦስት ቀን በላይ የሚያኖር ኀይል ይጨርሳል። ስለዚህ ምጣዱ በመንግሥቱ መስመር ላይ መቅረት አለበት፤ ገጣሚውም ሶላሩ ወደሚያበራው መስመር እንዳይቀላቀል አድርጎ ሊለየው ይገባል። «ሁሉንም ይችላል» የሚለውን ሰው ከዚያው ከደጅ መመለስ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመረመረው ጣራው ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ያህል ላይ ስላለች ሰሌዳው ወደ ደቡብ ጥቂት፥ ይኸውም ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ያህል፥ ቢያዘነብል ይበቃዋል፤ ያችም ማዘንበል ዝናቡ አቧራውን እንዲያጥበው ትረዳለች። በአውሮፓ መጽሐፍ የተማረ አንዳንድ ገጣሚ ግን እንደዚያ አገር 35 ዲግሪ አቁሞ ይተክለዋል። እንዲህ ሲሆን፥ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ገደማ የቀትሩ ፀሐይ በእኛ ዘንድ በሰሜን በኩል ስለሚያልፍ፥ ሰሌዳው በክረምቱ ያለችውን ጥቂቷን ብርሃን ጀርባውን ሰጥቶ ያባክናታል። ገጣሚው ኮምፓስ ይዞ መምጣቱን ማየት፥ የማዘንበሉንም ምክንያት ማስረዳት ትንሽ ነገር ቢመስልም ብዙ ያስታውቃል።

ጥላም እንዲሁ ነው። ሰሌዳው ብዙ ትናንሽ ክፍሎች በተርታ የተያያዙበት ስለ ሆነ፥ በአንዱ ላይ ያረፈ ጥላ የተርታውን ሁሉ ኀይል ያደክማል። ልደታ በአዲስ አበባ መልሶ ማልማት አስቀድሞ ከተጀመረባቸው ሰፈሮች አንዱ ናትና፥ ዛሬ ፀሐይ ያለበት ጣራ ነገ ፎቅ ሊጋርደው ወይም ቤቱ ራሱ ሊነሣ ይችላል። አስተዋይ ገጣሚ ይህን አስቦ፥ ተፈትቶ ወደ ሌላ ቤት የሚሄድ መደገፊያ ብረት ያቀርባል። በጋራ ሕንፃ ላይ ደግሞ ጣራው የሁሉም ባለ ቤቶች እንጂ የላይኛው ነዋሪ ብቻ አይደለም፤ የማኅበሩ ፈቃድ በጽሑፍ ሳይገኝ ሥራ የሚጀምር ሰው ባለ ቤቱን ከጎረቤት ጋራ ያጣላዋል። በኪራይ ቤትም አከራዩና ተከራዩ ዕቃው የማን እንደሚሆን ሳይጽፉ ሊጀምሩ አይገባም።

በቆርቆሮ ጣራ ላይ የሚሠራው ሥራ እጅግ ጥንቃቄ ይፈልጋል። መደገፊያው የሚታሰረው ከቆርቆሮው ጋራ ብቻ ሳይሆን ከሥር ካለው እንጨት ጋራ ነው፤ ብሎኑም ከቆርቆሮው ጉብታ ላይ ጎማ ተደርጎበት ይገባል እንጂ ውሃ በሚወርድበት ቦይ ላይ አይመታም። እንጨቱ ነቅዞ እንደ ሆነ አስቀድሞ ወጥቶ ያላየ ገጣሚ በመጀመሪያው የሰኔ ዝናብ ጣራ ያስፈስሳል። ደጋው አገራችን መብረቅ የሚበዛበት ስለ ሆነ፥ የብረቱን ወደ መሬት መቀበሪያ ሽቦ አላስፈላጊ ነው የሚለውንም ሰው አትመኑ። ከሁሉም በላይ፥ የመንግሥቱ መስመር ሲጠፋ የሶላሩ ኀይል ወደ ውጭ ወጥቶ ምሰሶ ላይ የሚሠራውን የኤሌክትሪክ አገልግሎት ሠራተኛ እንዳይገድል፥ ሁለቱን መስመሮች የሚለያይ መቀያየሪያ ማብሪያ ሊኖር ግድ ነው።

ዕቃውን ለመመርመር ባለ ቤቱ መሐንዲስ መሆን አያስፈልገውም። ጠቃሚው የሲሊኮን ሴል በ1946 ዓ.ም. በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ፥ ከተቀበለው ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ከመቶ 6 ያህሉን ብቻ ነበር። ዛሬ መልካሙ ሰሌዳ ከመቶ 20 እስከ 22 ያህሉን ስለሚለውጥ፥ አንድ ካሬ ሜትር ሰሌዳ ከ200 እስከ 220 ዋት ይሰጣል። እንግዲህ ባለ ቤቱ ሜትር ይዞ ርዝመቱንና ወርዱን ያባዛ፤ አንድ ካሬ ሜትር ሆኖ 400 ዋት የሚል ጽሕፈት የተለጠፈበት ሰሌዳ ሐሰተኛ ነው። ባትሪውም በሚዛን ይታወቃል። 12 ቮልትና 100 አምፔር ሰዓት የሆነው የእርሳስ ባትሪ ከ25 እስከ 30 ኪሎ ይመዝናል፤ 15 ኪሎ ከሆነ የተጻፈበትን ያህል አልያዘም። ለዚህ የእርሳስ ባትሪ ከያዘው ኀይል ግማሹን ያህል ብቻ ቢጠቀሙበት ነው ዕድሜ የሚያገኘው፤ ስለዚህ ከላይ ለቈጠርነው ቤት የአንድ ቀን ኀይል ለመያዝ እንዲህ ያሉ ሁለት አይበቁም፥ ሦስት ያስፈልጋሉ። የሊትየም ባትሪ ግን ከያዘው ከመቶ 80 እስከ 90 ሊሰጥ ስለሚችል፥ ዋጋው ሲገዛ ቢከብድም በዓመት ሲካፈል ብዙ ጊዜ ይቀላል። ገጣሚው ይህን ሁለቱንም አቅርቦ እንዲያስረዳ ይጠየቅ። ለትናንሾቹ መብራቶች ደግሞ ቀድሞ ላይቲንግ ግሎባል ይባል የነበረው፥ አሁን ቬራሶል የሚባለው የጥራት ምርመራ ያለፈውን ዕቃ መርጦ መግዛት ይቻላል።

ወረቀትን በተመለከተ፥ በ2006 ዓ.ም. በወጣው የኢነርጂ አዋጅ ቍጥር 810 መሠረት የኤሌክትሪክ ሥራ ተቋራጮችና ባለሙያዎች የብቃት ማረጋገጫ ይሰጣቸዋል፤ ይህን ሥራ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ የያዘው የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ነው። ንግድ ፈቃድ መሸጥን ብቻ ያሳያል፤ የብቃት ማረጋገጫው ግን ሽቦ መንካትን ይፈቅዳል። ሁለቱን የማይለይ ባለ ቤት ብዙ ነውና አስተዳዳሪዎች ይህን ልዩነት ለሕዝቡ ቢያስረዱ ጥቅሙ ትልቅ ነው። በልደታ በኩል ካሉት ትምህርት ቤቶች እንደ ተግባረ እድ ባሉ የሙያ ቤቶች የሠለጠነ ልጅ ቢገኝም፥ ሥልጠናው ብቻውን ማረጋገጫውን አይተካም።

ስለ ወረቀቱ ይህን ካልን በኋላ፥ ከሁሉ የሚበልጠው ግን ገጣሚው ከተከለ በኋላ የሚገኝ ሰው መሆኑ ነው። አገራችን የፀሐይ ኤሌክትሪክን የጀመረችው ትናንት አይደለም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1985 በሚቶ መንደር 10.5 ኪሎዋት የሚሆን ተክል ቆሞ፥ በ1989 ወደ 30 ኪሎዋት አድጎ የውኃ መሳቢያና የእህል ወፍጮም አሠርቶ ነበር። በኋላ በ1999 ዓ.ም. ገደማ በሰሜን ሸዋ በሬማ፥ ሶላር ኢነርጂ ፋውንዴሽን የተባለ የጀርመን በጎ አድራጊ ድርጅት ከአንድ ሺህ በሚበዙ ቤቶች ሶላር አስተከለ። የሬማ ሥራ የተለየበት በሰሌዳው ብዛት አይደለም፤ በዚያው በመንደሩ ትምህርት ቤት ተከፍቶ የአገሩ ልጆች መጠገንን ተማሩ፥ ባለ ቤቶቹም ለጥገናው በየወሩ ጥቂት ገንዘብ እንዲከፍሉ ተደረገ። ባትሪው ሲደክም የሚጠራው ሰው ስሙም ቤቱም ይታወቅ ነበር። በልደታ ያለው ባለ ቤትም ሆነ የወረዳው አስተዳዳሪ ሊጠይቅ የሚገባው ይህንኑ ነው፤ «ኢንቨርተሩ ቢቆም ማን ይመጣል? ከየት? በስንት ቀን?»። ገጣሚው ከሁለት ዓመት በፊት የተከለውን ቤት አድራሻ ሰጥቶ ሂዱና ጠይቁ ቢል መልካም ምልክት ነው። ባለፈው ወር የተከለውን ብቻ ቢያሳይ ግን ምንም አላሳየም፤ አዲስ ዕቃ ሁሉ ይበራልና።

የመንግሥት ገንዘብ የሚያወጡ ሹማምንት በተለይ እንዲያስተውሉት የሚያስፈልገው፥ ጨረታ ሲወጣ ተወዳዳሪው ሁሉ በአንድ ዐይነት የመሣሪያ ቍጥርና በሐምሌ ፀሐይ ሒሳብ እንዲያቀርብ ማድረግ ነው። እያንዳንዱ በገዛ ሒሳቡ ሲያቀርብ ርካሹ የሚያሸንፈው ሰሌዳና ባትሪ ስለ ቀነሰ ነው፤ የጤና ኬላው የክትባት ማቀዝቀዣም በነሐሴ ይሞቃል።

ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ የሰሌዳው፥ የባትሪውና የኢንቨርተሩ ስም፥ መጠንና የተቀረጸባቸው ቍጥር ይግባበት፤ ሰሌዳውም አይ ኢ ሲ 61215 የተባለውን ፈተና ማለፉ ይጻፍ። የሰሌዳ ፋብሪካዎች ለኀይሉ የ25 ዓመት ዋስትና መስጠታቸው የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ፋብሪካው በሩቅ አገር ሆኖ ዋስትናውን እዚህ የሚቀበል ሰው ከሌለ ወረቀት ብቻ ነው፤ ስለዚህ ገጣሚው በራሱ ስም ስንት ዓመት እንደሚዋስ ለብቻው ይጻፍ። ክፍያውም በአንድ ጊዜ አይለቅ። ከዋጋው ከመቶ 10 ያህሉ አንድ ክረምት እስኪያልፍ ድረስ በባለ ቤቱ እጅ ይቈይ፤ መልካም የሠራ ገጣሚ ይህን አይጠላም።

በመረከቢያው ቀን ባለ ቤቱ ሁሉንም መብራት፥ ቴሌቪዥኑንና ማቀዝቀዣውን አብርቶ የመንግሥቱን መስመር ያጥፋ፤ ሌሊቱንም እንዲሁ ያሳድረው። ሽቦዎቹን በእጁ ዳስሶ የሚሞቅ ቢያገኝ ሽቦው ቀጭን ነውና ገጣሚው ይለውጠው። ባትሪው አየር በሚገባበት ስፍራ እንጂ በመኝታ ክፍል አለመቀመጡን፥ ማጥፊያውም ልጅ የማይደርስበት ነገር ግን ትልቅ ሰው በጨለማ የሚያገኘው መሆኑን አይቶ ከዚያ በኋላ ይፈርም።