ሱቁ ከታች፣ መኖሪያው ከላይ

ከአዲስ አበባ ፒያሳ የድሮ ቤቶች አንዱ ፊት የቆመ ሰው መጀመሪያ የሚታየው ሱቁ ነው፤ ወርቅ ቤት፣ ልብስ ሰፊ፣ ሰዓት ሠሪ። ቀና ሲል ደግሞ የእንጨት በረንዳና መስኮት የተደረደረበት ፎቅ፣ ከዚያም በላይ የዛገ ቆርቆሮ ያያል። ምድር ቤቱ የድንጋይ ግንብ ነው፤ ፎቁ ብዙውን ጊዜ እንጨትና ጭቃ። ደረጃው በጓሮ በኩል ይወጣል። ድሮ ባለቤቱ ከታች ይነግድ፣ ቤተሰቡ ከላይ ይኖር፣ ዕቃው በጓሮ ይከማች ነበር። ታክሲ መሳፈር የለ፣ ለሱቅ ሌላ ለመኖሪያ ሌላ ኪራይ መክፈል የለ።

እነዚህ ቤቶች የተሠሩት በምኒልክ ዘመንና ከዚያ ወዲህ ባሉት ዐሥርት ዓመታት፣ በአራዳ ጊዮርጊስ ገበያ ዙሪያ ነው። ህንዶች፣ አርመኖችና ግሪኮች ለንግዳቸው፣ መኳንንቱ ለመኖሪያቸው አሠሯቸው። ከህንዶቹ ስሙ የገነነው የመሐመድ አሊ ንግድ ቤት ነበር፤ ከአርመኖቹ ደግሞ መሐንዲሱ ሚናስ ኸርበክያን በርካታ ሕንጻዎችን ነድፏል። ጣሊያን ሲገባ ትልቁን ገበያ ወደ መርካቶ ወሰደው፤ ሱቆቹ ግን እዚያው አራዳ፣ ዛሬ ፒያሳ በሚባለው፣ ቀሩ።

የቤቶቹ ዕጣ የተለወጠው ግን በ1967 ዓ.ም. ነው። አዋጅ ቁጥር 47/67 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ብቻ ይኑረው ተባለ፤ ንግድ ቤት ደግሞ ለራሱ ሥራ የሚያስፈልገውን ያህል፣ በፈቃድ። እስከ 300 ብር ድረስ የነበረው የወር ኪራይ ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ። ለደሃው ተከራይ እፎይታ ነበር፤ ይህን የሚክድ የዚያን ጊዜ የቤት ኪራይ ያልከፈለ ሰው ነው። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ኪራዩ እስከ 100 ብር የሆነው ቤት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች ኤጀንሲ ተሰጠ። የፒያሳው ቤት ጥቅሙ ሱቅና መኖሪያ በአንድ ጣሪያ ሥር መሆናቸው ሆኖ ሳለ፣ ሕጉ እያንዳንዱን ክፍል በኪራዩ መጠን መዝኖ አከፋፈለው። ሱቁ የአንዱ፣ ፎቁ የሌላው መሥሪያ ቤት የሚሆንበት በር ተከፈተ። ጣሪያው ሲያፈስ ታዲያ ማን ያድሰው?

ማንም አላደሰውም ማለት ይቻላል። በጥቂት ብር የሚከራየው የቀበሌ ክፍል ከኪራዩ የቆርቆሮ መግዣ አይተርፈውም። ተከራዩም የራሱ ባልሆነ ቤት ገንዘቡን አያፈስም፤ ቢያፈስ ደግሞ ያለ ፈቃድ ገነባህ ይባላል። ስለዚህ የተደረገው ሁሉ ውስጥ ውስጡን ነው። ሳሎኑ በኮምፔንሳቶ ለሁለት ተከፈለ፤ ጣሪያው ከፍ ያለ ስለሆነ ቆጥ ተሠርቶ ልጆቹ እዚያ ተኙ፤ በረንዳው ተዘግቶ ማድ ቤት ሆነ። የአቡጀዲው ኮርኒስ በዝናብ ቢጫ እየሆነ ሲሰቀል ሲወርድ ኖረ። ለአንድ ቤተሰብ የታሰበው ፎቅ ደባል ደራርቦ፣ ሽንት ቤቱ የጋራ፣ የመብራት ቆጣሪውም የጋራ ሆነ። ከታች ደግሞ ሱቁ በወረቀት ሳይሆን በቁልፍ ይሸጥ ጀመር፤ ተከራዩ ገንዘብ ተቀብሎ ቁልፉን ለሌላ ያስረክባል። ኪራዩ እዚህ ግባ የማይባል፣ የቁልፉ ዋጋ ግን ሰማይ! ከዚህ ገንዘብ አንዱም ወደ ግድግዳው አልተመለሰም።

የቅርስ ሕጉም ይህን ቋጠሮ አልፈታውም። አዋጅ ቁጥር 209/1992 የቅርስ ባለይዞታ ቅርሱን በራሱ ወጪ እንዲጠብቅ ያዛል፤ ለማደስ ግን ፈቃድ ያስፈልገዋል። ለግል ባለቤት ይሠራ ይሆናል። ባለቤቱ መንግሥት፣ ነዋሪው ደባል፣ ተጠቃሚው ባለቁልፍ በሆነበት ቤት ግን ግዴታው የማን እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። በር ላይ የቅርስ ምልክት መለጠፍ ቀላሉ ሥራ ነው።

ከዚያ 2016 ዓ.ም. መጣ። የኮሪደር ልማቱ ፒያሳን ሲደርስ ዶሮ ማነቂያ የሚባለውን ሰፈር ጨምሮ ሰፊው ክፍል ፈረሰ። መንገዱ ሰፋ፣ የእግረኛው መሄጃ አማረ፤ ይህ አይካድም። ለቀበሌ ቤት ነዋሪዎች ምትክ የቀበሌ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም ተሰጣቸው፤ አብዛኛው ከከተማው ዳር። ኮንዶሚኒየም ለደረሳቸው ሽንት ቤቱ የግል ሆነላቸው። ነገር ግን ፎቅ ላይ እያደረ ከታች ሲሰፋ ለኖረ ሰው አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ኮንዶሚኒየም መኖሪያ እንጂ ገበያ አይደለም፤ ደንበኛው ፒያሳ ነው የቀረው።

“ያረጀ ጭቃ ነው፣ መፍረስ ነበረበት” የሚለው ክርክር እኔን አያሳምነኝም። በምኒልክ ዘመን የተከፈተውን እቴጌ ጣይቱ ሆቴልን ተመልከቱ። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. እሳት ጎድቶት የጃዝ አምባ አዳራሽ ወድሟል፤ ሆቴሉ ግን እንደገና ተነስቶ እንግዳ ተቀብሏል። ከሌሎቹ በእንጨቱ ጥራት የተለየ አይመስለኝም። የተለየው አንድ ኃላፊ ያለው፣ ከሚያስገባው ገንዘብ ራሱን የሚጠግን ሥራ ያለው ቤት በመሆኑ ነው። የራስ ብሩ ቤት የአዲስ አበባ ሙዚየም ሆኖ ተርፏል፤ ሁሉንም ቤት ሙዚየም ማድረግ ግን አይቻልም፣ አያስፈልግምም።

ለቀሩት ቤቶች መፍትሔው እንደሚመስለኝ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ሱቁንና ፎቁን በአንድ ውል ማያያዝ፣ ውሉን ለረጅም ዓመት መስጠት፣ ተከራዩ ለጣሪያና ለበረንዳ ያወጣውን በመሐንዲስ አስገምቶ ከኪራዩ ማቀናነስ። ቁልፍ ሻጩ ይህን ውል አይወደውም፤ በረንዳው ሥር የሚሠራው ሰፊ ግን ነገውኑ ይፈርማል።