ያልተፈጨው ጡንቻ

ሕዋስ ጉልበቱን እንዴት እንደሚያመነጭ ለማጥናት ለረጅም ጊዜ ሕዋሱን መግደል ግድ ነበር። ጡንቻው ተቆርጦ ወዲያው በረዶ እንዲሆን ይደረጋል፣ ይፈጫል፣ በአሲድ ይዘፈዘፋል፤ ከዚያ የተረፈው ይለካል። ውጤቱ የዚያች ቅጽበት ብቻ ነው። ከደቂቃ በኋላ የሆነውን ለማወቅ ሌላ ጡንቻ ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ1973 አሜሪካ ውስጥ ሙን እና ሪቻርድስ የተባሉ ተመራማሪዎች ቀይ የደም ሕዋሳትን ሳይሰብሩ በማግኔት ውስጥ አስገብተው፣ ከፎስፈረስ በሚወጣው ሲግናል የሕዋሱን የውስጥ አሲድነት ለኩ። በተፈጥሮ ያለው ፎስፈረስ ሁሉ ማለት ይቻላል ለማግኔቱ መልስ የሚሰጥ ዓይነት ስለሆነ ምንም ቀለም ወይም ጨረር አመንጪ ነገር መጨመር አላስፈለጋቸውም።

በቀጣዩ ዓመት በኦክስፎርድ፣ ከሃንጋሪ የመጣው ጆርጅ ራዳ፣ ከዴቪድ ሆልት፣ ከሬክስ ሪቻርድስ (ከላይ ከተጠቀሰው ሪቻርድስ ሌላ ሰው ነው) እና ከሌሎች ባልደረቦቹ ጋር ገና የተቆረጠ የአይጥ የኋላ እግር ጡንቻ እንዳለ እንዲህ ባለ የማግኔት መሣሪያ ውስጥ ከተተ። ከፎስፈረሱ ሲግናል ሹል መስመሮች ወጡ። ሦስቱ ለሕዋሱ ጉልበት የሚያቀብለው የኤቲፒ ናቸው፣ ለእያንዳንዱ ፎስፌት አንድ። ከሁሉም የረዘመው የጡንቻው መጠባበቂያ የሆነው ፎስፎክሬቲን ነው። ኦክስጅን ባጣው ጡንቻ ውስጥ ጊዜው በገፋ ቁጥር ይህ መስመር እያጠረ፣ የነፃው ፎስፌት መስመር እያደገ ሄደ።

ለእኔ ከሁሉም የሚደንቀኝ ግን የዚህ የነፃ ፎስፌት መስመር ጠባይ ነው። ፎስፌት አንድ ወይም ሁለት ሃይድሮጅን ይዞ ይገኛል፤ በሁለቱ መካከል እጅግ በፍጥነት ስለሚለዋወጥ ማግኔቱ የሚያየው አማካዩን ነው። አካባቢው አሲድ ሲሆን አማካዩ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። ስለዚህ የመስመሩ ቁመት መጠኑን ሲናገር፣ የቆመበት ቦታ ደግሞ የሕዋሱን አሲድነት ይናገራል። ሁለቱም ከአንድ ንባብ፣ ሕዋሱ ሳይነካ!

እ.ኤ.አ. በ1981 የኦክስፎርድ ቡድን ማካርድል በተባለ በሽታ የተጠረጠረን ታማሚ ክንዱን ማግኔቱ ውስጥ አድርጎ ጡንቻውን እንዲያሠራ ጠየቀው። በዚህ በሽታ የተያዘ ጡንቻ ያከማቸውን ግላይኮጅን መፍታት ስለማይችል ላክቲክ አሲድ አያመርትም። የጤነኛ ሰው ጡንቻ እንዲህ ሲሠራ የፎስፌቱ መስመር ወደ አሲድ ወገን ይሸሻል። የታማሚው ግን ወደዚያ አልሄደም። ጥርጣሬው ትክክል መሆኑ ቆዳው ሳይበሳ በመስመሩ ታየ።