ትራክተር ሲገዛ የሚቀርበው የተራዘመ ዋስትና፦ ማንን ይጠቅማል?

ትራክተር ለመግዛት የተዘጋጀ አርሶ አደር፣ ማኅበር ወይም ዩኒየን የዋጋ ድርድሩን ከጨረሰ በኋላ አንድ ተጨማሪ ውሳኔ ይጠብቀዋል። ሻጩ ከማሽኑ ጋር የተራዘመ ዋስትና ወይም የጥገና አገልግሎት ውል ያቀርብለታል። ጥያቄው የሚመጣው ገዥው ቁጠባውን አሟጦ ቀሪውን በብድር ወይም በካፒታል ዕቃ ኪራይ ፋይናንስ በሸፈነበት ጊዜ በመሆኑ ተጨማሪ ወጪውን መሸከም ቀላል አይደለም። በሌላ በኩል በእርሻ ወቅት የቆመ ትራክተር የሚያስከትለው ኪሳራ ከመለዋወጫ ዋጋ በላይ ነው። ዝናቡ ማሽኑ እስኪጠገን አይጠብቅም፤ የብድር መክፈያው ቀንም እንዲሁ።

በ2011 ዓ.ም መንግሥት የግብርና መሣሪያዎች ከቀረጥ ነፃ እንዲገቡ መፍቀዱን ተከትሎ ትራክተርና ኮምባይነር የመግዛት ፍላጎት አድጓል። ስለ ማሽኑ የፈረስ ጉልበትና ዋጋ ግን በቂ ጥያቄ የሚያነሱ ገዥዎች እንኳ ስለ ዋስትናው ወረቀት ብዙም አይጠይቁም። ወረቀቱ ገንዘብ የሚያወጣው በምን ሁኔታ እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ ለውሳኔው ይረዳል።

የተለያዩ ወረቀቶች፣ የተለያየ ሥራ

የፋብሪካ ዋስትና የሚባለው ከማሽኑ ዋጋ ጋር አብሮ የሚሰጥ ሲሆን፣ በአሠራር ወይም በዕቃ ጥራት ጉድለት ምክንያት የሚከሰትን ብልሽት ይሸፍናል። በትራክተር ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው በሁለት መንገድ ነው፤ በወራትና በሥራ ሰዓት። ከሁለቱ ቀድሞ የሞላው ዋስትናውን ያበቃዋል።

የተራዘመ ዋስትና ይህ ጊዜ ሲያልቅ የሚቀጥል፣ ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፈልበት ሽፋን ነው። የአገልግሎት ውል ደግሞ ከሁለቱም ይለያል። ዋና ሥራው ማሽኑ ሳይበላሽ በየተወሰነ ሰዓቱ ዘይትና ፊልትሮ መቀየር፣ መመርመርና ማስተካከል ነው። አንዳንድ ውሎች ሁለቱን አጣምረው ይይዛሉ፤ ስማቸው ግን ተመሳሳይ ስለሆነ ብቻ ይዘታቸው አንድ ነው ብሎ መቀበል አይገባም።

መድን ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነው። መድን መገልበጥን፣ ግጭትን፣ ቃጠሎንና ስርቆትን የመሰለ አደጋ ይሸፍናል እንጂ ካምቢዮው ከውስጥ ቢሰበር ወይም የናፍጣ ፓምፓው ቢደክም አይከፍልም። አበዳሪ ተቋማት መድን እንዲገባ ስለሚያስገድዱ ብቻ ማሽኑ ለጥገናም ዋስትና አለው ማለት አይደለም።

ሳይከፈልበት በሕግ የሚገኝ መብት

ተጨማሪ ዋስትና ከመግዛት በፊት ያለ ክፍያ የሚገኘውን መብት ማወቅ ይገባል። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ጉድለት የሌለበት መሆኑን እንዲያረጋግጥ ግዴታ ይጥልበታል። ገዥው በበኩሉ ዕቃውን እንደተረከበ መመርመርና ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ ማሳወቅ አለበት። ክስ ለማቅረብ የተሰጠው ጊዜም ጉድለቱን ካሳወቀበት ጀምሮ 1 ዓመት ነው። ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ በማታለል የደበቀ እንደሆነ፣ «ከሽያጭ በኋላ ኃላፊነት አልወስድም» የሚል ቃል በውሉ ላይ ማስገባቱ አያድነውም።

በ2006 ዓ.ም የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ደግሞ ሸማቹ የገዛው ዕቃ ጉድለት ከተገኘበት በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቷል። ነገር ግን አዋጁ ሸማች የሚለው ለግሉ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛን ሰው ነው። ትራክተርን ለምርት ሥራ ወይም ለኪራይ የሚገዛ ማኅበር በዚህ አዋጅ ከመተማመን ይልቅ በፍትሐ ብሔር ሕጉና በሚፈርመው ውል ላይ ማተኮር ይኖርበታል። ለዚህም ነው በውሉ ላይ የተጻፈው እያንዳንዱ ቃል ለአርሶ አደሩ ከከተማው ሸማች የበለጠ ክብደት ያለው።

በዋስትናው የማይሸፈነው

ቅሬታ የሚበዛው በዚህ ላይ ነው። በሥራ ብዛት የሚያልቁ ክፍሎች፣ ማለትም የፍሪሲዮን ሸራ፣ ፍሬን፣ ቺንጋ፣ ጎማ፣ ባትሪ፣ ፊልትሮና የማረሻ ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ ከዋስትና ውጭ ናቸው። በድንጋያማ መሬት ላይ የሚሠራ ትራክተር በብዛት የሚያወጣው ለእነዚሁ ዕቃዎች ስለሆነ፣ ሽፋኑ «ሙሉ» ተብሎ ቢጠራም ትልቁ ወጪ ከገዥው ኪስ አይወጣም ማለት አይደለም።

ሌላው የአጠቃቀም ጉዳይ ነው። ውኃ ወይም ሌላ ነገር የተቀላቀለበት ናፍጣ በፓምፓውና በኖዝሎቹ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት፣ ዘይት ሳይኖር በማሠራት የሚቃጠል ሞተር፣ ከአቅም በላይ በመጫን የሚሰበር ካምቢዮ በዋስትና አይካካስም። ናፍጣን በበርሜል ከመንገድ ዳር ለሚገዙ አካባቢዎች ይህ ነጥብ በተለይ አሳሳቢ ነው።

ከሁሉም በላይ ዋስትናን የሚያሳጣው በጊዜው ያልተደረገ ሰርቪስ ነው። አዲስ ትራክተር የመጀመሪያ ሰርቪሱን የሚፈልገው በተለምዶ በ50 ሰዓት አካባቢ ነው። ከዚያ በኋላ የሞተር ዘይት በብዙ ሞዴሎች ላይ በ250 ሰዓት ገደማ ይቀየራል፤ ትክክለኛው መጠን በማሽኑ መመሪያ መጽሐፍ ላይ ይገኛል። ሰርቪሱ የተደረገበት ቀን፣ የሰዓት ቆጣሪው ንባብና ደረሰኙ በመዝገብ ካልተያዘ ሻጩ ጥያቄውን ውድቅ ለማድረግ ምክንያት ያገኛል።

ማሽን መቼ ይበላሻል?

አዲስ ማሽን በፋብሪካ ስህተት የሚበላሽ ከሆነ ችግሩ በአብዛኛው ራሱን የሚገልጠው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። በዚህ ጊዜ የፋብሪካው ዋስትና ገና አላበቃም። ከዚያ ቀጥሎ በአግባቡ የተያዘ ትራክተር ችግር የማይበዛበት ዘመን ይመጣል። ኩሽኔቶች፣ ፓምፓና ካምቢዮ በእርጅና መድከም የሚጀምሩት ከዚህ በኋላ ነው። የተራዘመ ዋስትና ብዙ ጊዜ የሚሸፍነው መካከለኛውን፣ ብልሽት የማይበዛበትን ዘመን መሆኑ ሻጩን ይጠቅመዋል።

ሁሉም ገዥ ግን እኩል አያሠራም። ለምሳሌ ዋስትናው 12 ወር ወይም 1,000 ሰዓት ነው እንበል። ለራሱና ለጎረቤቶቹ ብቻ የሚያርስ፣ በዓመት 300 ሰዓት የሚሠራ ማኅበር ዋስትናው የሚያልቅበት በወራት ነው፤ ማሽኑ ያኔ ገና አዲስ ነው። ከቆላ እስከ ደጋ እየተዘዋወረ በኪራይ የሚያርስ ግን 1,000ውን ሰዓት ዓመቱ ሳይሞላ ይጨርሳል። ቀጥሎ የሚመጣው ሥራ ማሽኑ እየደከመ የሚሄድበት ነው። ስለዚህ በሰዓት የሚራዘም ሽፋን ለሁለተኛው የሚጠቅመውን ያህል ለመጀመሪያው አይጠቅምም።

ስሌቱ እንዴት ይሠራል?

ውሳኔው በግምት ሳይሆን በወረቀት ላይ ሊሰላ ይችላል። የሚከተሉት ቁጥሮች ለማሳያ የተወሰዱ ስለሆኑ እያንዳንዱ ገዥ በአካባቢው ዋጋ ሊተካቸው ይገባል።

ለ2 ዓመት የሚቆይ የአገልግሎት ውል 150,000 ብር ቀረበ እንበል። ትራክተሩ በዓመት 750 ሰዓት ቢሠራ በየ250 ሰዓቱ የሚደረገው ሰርቪስ በ2 ዓመት 6 ጊዜ ይሆናል። አንዱ ሰርቪስ በጥሩ ጋራዥ ከዘይትና ፊልትሮ ጋር 15,000 ብር ቢፈጅ ጠቅላላው 90,000 ብር ነው። ልዩነቱ 60,000 ብር ይሆናል። ገዥው ይህን ገንዘብ የሚከፍለው ማሽኑ ሲቆም ባለሙያ ቶሎ እንዲመጣለት ነው ማለት ነው።

አሁን ደግሞ የቆመ ቀን ዋጋ ይሰላል። ትራክተሩ በቀን 4 ሄክታር ቢያርስ፣ ከናፍጣና ከሹፌር ክፍያ በኋላ ከአንድ ሄክታር 2,500 ብር ቢተርፈው፣ አንድ የቆመ ቀን 10,000 ብር ያሳጣል። እንግዲህ ውሉ በ2 ዓመት ውስጥ በድምሩ ከ6 የሥራ ቀናት በላይ ከመቆም ካዳነው ተከፋዩ ገንዘብ ተመልሷል። ባለሙያው የሚመጣው ውል ከሌለው ደንበኛ እኩል ዘግይቶ ከሆነ ግን 60,000 ብሩ ባክኗል። የውሉን ዋጋ የሚወስነው ከወረቀቱ ርዝመት ይልቅ የመኪናው መንገድና የባለሙያው ፍጥነት ነው።

ከመፈረም በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የመጀመሪያው ጥያቄ ባለሙያው የሚነሳው ከየት ከተማ እንደሆነና በስንት ቀን ውስጥ እንደሚደርስ ነው። መልሱ በቃል ሳይሆን በውሉ ላይ በቁጥር መጻፍ አለበት፤ ካልደረሰ ምን ካሳ እንደሚከፈልም እንዲሁ። ክረምት ላይ መኪና የማይገባበት ቀበሌ ውስጥ ያለ ማሽን ጉዳይም አስቀድሞ መነሳት ይኖርበታል።

ሁለተኛው መለዋወጫ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። በክልሉ ውስጥ መጋዘን ያለው ሻጭና ዕቃውን በየጊዜው ከውጭ የሚያዝዝ ሻጭ እኩል አይደሉም። ሦስተኛው የባለሙያውን መጓጓዣና አበል፣ እንዲሁም ማሽኑ በሎቤድ ተጭኖ ወደ ከተማ ቢወሰድ የጭነቱን ዋጋ የሚከፍለው ማን እንደሆነ ነው። አንዳንድ ውል «ጥገናው ነፃ ነው» ብሎ እነዚህን ወጪዎች ለገዥው ይተዋል።

አራተኛው የዋጋ ለውጥ ጉዳይ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የብር የመግዛት አቅም በውጭ ዕቃ ላይ ቀንሷል። ዋጋው ለ2 ዓመት በብር የማይለወጥ ውል በዚህ ሁኔታ ለገዥው ትልቅ ጥቅም አለው። ነገር ግን ሻጩ «እንደ ገበያው ሁኔታ ማስተካከል እችላለሁ» የሚል አንቀጽ ካስገባ ጥቅሙ ይጠፋል።

አምስተኛው ግዴታውን የሚወስደው አምራቹ ነው ወይስ አስመጪው ብቻ የሚለው ነው። አስመጪው ሥራ ቢያቆም ወረቀቱን የሚያከብረው ሌላ አካል ከሌለ ዋስትናው አብሮት ያበቃል። በኪራይ ፋይናንስ የተወሰደ ማሽን ሲሆን ደግሞ ባለቤትነቱ ክፍያው እስኪያልቅ የአከራዩ ስለሆነ፣ የዋስትና ጥያቄውን በማን ስም እንደሚያቀርብ ተከራዩ ማረጋገጥ አለበት። ውሉ በእንግሊዝኛ ከሆነ የአማርኛ ትርጉም መጠየቅና ከመፈረም በፊት ወረዳው ውስጥ ላለ የሕግ ወይም የሜካናይዜሽን ባለሙያ ማሳየት ጊዜ ቢወስድም ያዋጣል።

የራስ የጥገና ገንዘብ

ውሉን ያልገዛ ሰው ገንዘቡን ለሌላ ካዋለው ያለ ምንም መጠባበቂያ ቀርቷል። ስለዚህ ውል አለመግዛት ትርጉም የሚኖረው በምትኩ የጥገና ገንዘብ ከተቀመጠ ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ ማኅበሩ ትራክተሩ በሠራ በእያንዳንዱ ሰዓት 100 ብር ለብቻ በተከፈተ ሒሳብ ቢያስቀምጥ በ2 ዓመት 150,000 ብር፣ ማለትም የውሉን ዋጋ ያህል ይሰበስባል። ማሽኑ ካልተበላሸ ገንዘቡ የማኅበሩ ነው። የዋጋ ንረትን ለመቋቋም ደግሞ ከገንዘቡ ከፊሉን በፊልትሮ፣ በቺንጋና በዘይት መልክ አስቀድሞ ገዝቶ ማስቀመጥ ይመከራል።

ከየትኛውም ውል በላይ ብልሽትን የሚቀንሰው የሹፌሩ ጥንቃቄ ነው። ጠዋት ሞተር ከመነሳቱ በፊት ዘይትና ውኃ ማየት፣ በአቧራ ወቅት የአየር ፊልትሮን መከታተል፣ ግራሶ የሚያስፈልጋቸውን ክፍሎች ማጠጣትና ናፍጣን አጣርቶ መሙላት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ስለሆነም ገዥው ሻጩን ከውሉ በፊት ለሹፌሩ ሥልጠና እንዲሰጥለት መደራደር ይችላል።

ለመኪና ገዥዎችም

ተመሳሳይ ጥያቄ በከተማ መኪና የሚገዙ ነዋሪዎችን ይገጥማቸዋል። በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ በኋላ የኤሌክትሪክ መኪና ገዥ በዝቷል። የእነዚህ መኪኖች ውዱ ክፍል ባትሪው ነው፤ ብዙ አምራቾችም ለባትሪ የ8 ዓመት ዋስትና ይሰጣሉ። ይሁን እንጂ መኪናው በአምራቹ ወኪል ሳይሆን በሌላ ነጋዴ በኩል ከገባ ያ ዋስትና እዚህ አገር ላይሠራ ይችላል። ገዥው ተጨማሪ ከመክፈሉ በፊት ባትሪው ቢበላሽ እዚሁ አገር የሚቀይርለት ማን እንደሆነ በጽሑፍ ማረጋገጥ አለበት።

ባጠቃላይ በኪራይ ብዙ ሰዓት የሚያርስ፣ የሻጩ ባለሙያና መጋዘን በቅርቡ የሚገኝለት፣ በብር የማይለወጥ ዋጋ የቀረበለት ገዥ ውሉን ቢገዛ ሊያተርፍ ይችላል። ጥቂት ሰዓት የሚያሠራ፣ የሠለጠነ ሹፌርና የታመነ ጋራዥ ያለው ደግሞ ገንዘቡን በራሱ ሒሳብ ቢያስቀምጥ ይሻለዋል። ሁለቱም ግን ደረሰኞቻቸውን፣ የሰርቪስ መዝገባቸውንና የውላቸውን ቅጂ በአንድ ቦታ አስቀምጠው መጠበቅ አለባቸው፤ ማሽኑ በቆመ ዕለት የሚጠየቁት እነዚህ ናቸውና።