ቢራቢሮ እንዴት ይቆጠራል?

በብሪታንያ ከመጋቢት ማብቂያ እስከ መስከረም አጋማሽ፣ በየሳምንቱ፣ ማስታወሻ ደብተር የያዘ ሰው በአንድ በታወቀ የእግር መንገድ ዝግ ብሎ ሲራመድ ይታያል። የሚቆጥረው በግራና በቀኙ ሁለት ሁለት ሜትር ተኩል፣ ከፊቱ ደግሞ አምስት ሜትር ውስጥ ያሉትን ቢራቢሮዎች ብቻ ነው። ከዚያ ወሰን ያለፈች የቱንም ያህል ብታምር አትመዘገብም።

ዘዴውን የቀየሰው ኤርኒ ፖላርድ የተባለ ተመራማሪ ነው፤ የተሞከረውም ካምብሪጅሸር ውስጥ በመንክስ ውድ ደን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1976 አገር አቀፍ ቆጠራ ሆነ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ሥራውን በአብዛኛው የሚሠሩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ያንኑ መንገድ ለዓመታት ሳይሰለቹ መመላለሳቸው በእውነት ይደንቀኛል። ሙቀቱ ከ13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ከሆነ ቆጠራ የለም። ቢራቢሮ ሙቀት የምታገኘው ከፀሐይ ስለሆነ በብርድ ቀን ቅጠል ሥር ተሸሽጋ ትውላለች፤ ያን ቀን የወጣ ሰው ያሉትን እንደሌሉ አድርጎ ይመዘግባል። የሚፈለገው የቢራቢሮዎቹ ጠቅላላ ብዛት ሳይሆን አምናን ከዘንድሮ ማነጻጸር ነው፤ ለዚህም አቆጣጠሩ መለወጥ የለበትም።

ቁጥሩ ከዓመት ዓመት በእጅጉ ይዋዥቃል። የመጀመሪያው ዓመት፣ 1976፣ ብርቱ ድርቅና ሙቀት የነበረበት ነው። ቢራቢሮዎቹ በፀሐዩ እንደ ልባቸው በረሩ፣ እንቁላላቸውን ጣሉ። አባጨጓሬዎቹ ሲፈለፈሉ ግን የሚበሉት ቅጠል ደርቆ ጠበቃቸው፤ በማግስቱ ዓመት የብዙ ዝርያዎች ቁጥር አሽቆለቆለ።

ሁልጊዜ ግን ተጠያቂው አየሩ አይደለም። ሆሊ ብሉ የምትባል ትንሽ ሰማያዊ ቢራቢሮ አለች። አንዲት ተርብ አባጨጓሬዋን አድና እንቁላሏን በሰውነቱ ውስጥ ታኖራለች። አባጨጓሬው መብላቱን አይተውም፤ ያድጋል፣ በሽፋኑም ይዘጋል። ሽፋኑ ሲቀደድ የምትወጣው ተርቧ ናት። ቢራቢሮዋ ስትበዛ ተርቧም ትበዛለች፤ ያኔ ቢራቢሮዋ ትመናመናለች፤ ተርቧም ሲሳይ ስታጣ በተራዋ ትቀንሳለች። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሆሊ ብሉ መልሳ ትበዛለች። በዝቅተኛው ዓመት ላይ ብቻ ቆጥሮ «አለቀች» ያለ ሰው በተሳሳተ ነበር።

እንግዶችም አሉ። ፔይንትድ ሌዲ የምትባለው ዝርያ በትውልድ ቅብብል ከአፍሪካ ተነሥታ ሰሜን አውሮፓ ትደርሳለች። በ2009 ከሰማይ የወረደች እስኪመስል ብሪታንያን ሞላች፤ በአንዳንድ ዓመታት ግን እምብዛም አትታይም። የእሷ ቁጥር የሚወሰነው በመንገዷ ላይ በጣለው ዝናብና በበቀለው ልምላሜ ጭምር ነው።

ይህን ሁሉ መዋዠቅ አልፎ የሚታየው የረጅም ጊዜ መስመር ግን ያሳስባል። በ2022 የወጣው ዘገባ እንደሚለው ከ1970ዎቹ ወዲህ ከብሪታንያ የቢራቢሮ ዝርያዎች 80 በመቶው ወይ በብዛት፣ ወይ በሚገኙበት ስፍራ ስፋት፣ አለዚያም በሁለቱም ቀንሰዋል። በ2024 ሕዝቡ በሚሳተፍበት የ15 ደቂቃ ቆጠራ በአማካይ የታዩት 7 ብቻ ነበሩ፤ በቀደመው ዓመት 12 ነበሩ። የዚያ ዓመት ጸደይ እርጥብ ነበር። ድሮ ቢሆን ከእንዲህ ያለው ዓመት በኋላ ፀሐይ ስትመለስ ቢራቢሮዎቹም ያገግሙ ነበር። ዛሬ ብዙዎቹ የሚኖሩት በታረሰ መሬት መካከል በተቆራረጡ ትንንሽ የሣር መስኮች ነው፤ የአንዱ መስክ ቢራቢሮ ከጠፋ መጥቶ የሚተካው ጎረቤት የለም።